የአመተ ማርያም በርበሬ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆላንድ

ይድረስ ለእትዬ ዓለምጸሐይ፣

እንዴት ከረሙ? ክረምቱ በደኅና ወጣልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከደጅዎ ክፉ ነገር ይራቅ፤ የባለቤትዎን የጋሼ ቀለመ ወርቅንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ርብቃ ነኝ፣ የሚካኤል ልጅ። አባቴና ባለቤትዎ የአጎት ልጆች ነበሩ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ አመተ ማርያም ይዛኝ ወደ ወንድሟ ወደ እስቴ ስትሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሞላኝ። ወደርስዎ ስልክ ብሞክር መስመር የለም። እናቴ ግን "የበርበሬ ነጋዴው የሱፍ ባሕር ዳር ሲወርድ ፖስታ ያወጣል፤ በሱ ስም ጻፊላት" አለችኝ።

የምሠራው ቃሪያ በሚበቅልበት የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ቤት ስልዎ ጎጆ እንዳይመስልዎ፤ ከአርብ ገበያ ሜዳ ይሰፋል። ተክሉ በገመድ ታስሮ ከኔ ቁመት በላይ ይወጣል፤ ሥሩ አፈር ነክቶ አያውቅም። ቀዩም ቢጫውም ሲያዩት ያምራል፤ ሲበሉት ግን እንደ ዱባ ነው። ምላስ ላይ ምንም አይልም። አንድ ቀን ከፍሬው ዘር ወስጄ ቤቴ ዘራሁት። የወጣው ሌላ ነገር ነው። ሀኒፋ የምትባል የሞሮኮ ሴት አብራኝ ትሠራለች፤ "ይህ ዘር እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ እንድትገዢው ተብሎ የተሠራ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ከአገሯ ያስመጣችውን በመስኮቷ ላይ ታሳድጋለች፤ ሲቀላ እያመጣች ታስነጥሰናለች።

እኔም እናቱን የሚመስል በርበሬ ፈለግሁ። እናቴ ስለ በርበሬ ማውራት አትወድም። ሳስቸግራት ግን "የኔ ዘር ያለው አሁን ዓለምጸሐይ ቤት ብቻ ነው" አለችኝ። እባክዎ፣ ትንሽ ዘር በደብዳቤ ውስጥ ጠቅልለው ይላኩልኝ። ምን እንድልክልዎ እንደሚፈልጉም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ርብቃ


ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ታች ጋይንት

ለልጄ ለርብቃ ሚካኤል፣

ከባሕር ማዶ ያለሽውን አንቺን የሚያይ አምላክ ዓይኑን አይንቀልብሽ። የሰው አገር እንጀራ ይስማማሽ። እኔ ጉልበቴን ከማመሜ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽ ኅዳር ሳይገባ ደርሶኛል። የዘገየሁት አዝመራ በዝቶብኝ ነው። እንዴት አላስታውስሽም? ግንባርሽ ላይ ጠባሳ ነበረሽ፤ ከኛ ቤት ደረጃ ወድቀሽ ነው። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። የቤተ ልሔም ገዳም የቆሎ ተማሪዎች ከአጥራችን ጀርባ ትምህርታቸውን ሲቀጽሉ እኔ ከዚህ ወገን በርበሬዬን እየኮተኮትኩ ሰማሁ፤ ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት ዳዊቱን ዘርግቶ የሰማሁትን ከፊደሉ ጋር አገናኘልኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ።

ስለ ዘሩ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ የዘንድሮው ጥሩ አይደለም። በጳጉሜ በረዶ መትቶታል። ዘር ላክሁ ብዬ የማይሆን ነገር ብልክልሽ ደስ አይለኝም። ይልቅ የተፈጨ በርበሬ ላዘጋጅልሽ፤ በወጥሽ ጨምረሽ ትበያለሽ። ዘር የግድ ከሆነብሽ ደግሞ ገበያ ላይ የማረቆ ዘር አለ፤ ብዙ ሰው ያመሰግነዋል።

ለኔ ምንም አትላኪልኝ። እናትሽ እንዴት ናት? ትራመዳለች? ዓይኗስ? ስለኔ የምታነሣው ነገር አለ?

ዓለምጸሐይ


ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆላንድ

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ጥምቀትን በደኅና አሳለፉ? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ጠባሳዬን ማስታወስዎ ገረመኝ፤ እኔ በምን እንደመጣ አላውቅም ነበር።

የተፈጨ በርበሬ አልፈልግም፤ አይቀየሙኝ። እሱን እዚህም ሱቅ አገኘዋለሁ። የምፈልገው የሚዘራውን ነው። በረዶ ቢመታውም ከመቶ ዛላ አንድ አይተርፍም? አንድ ዛላ ይበቃኛል። የማረቆው ጥሩ ይሆናል፤ የእናቴ ግን አይደለም።

ስለ እናቴ ጠይቀውኛል። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው በድምፅ ነው የምትለየው። ከወንድሟ ከጋሼ ገብረ ሕይወት ጋር ናት። ስለርስዎ ክፉ ተናግራ አታውቅም። "ቤቴ ተቃጥሎ ዘር ባጣሁ ጊዜ ወደ ዓለምጸሐይ ሄጄ በባዶ እጄ አልሰደደችኝም" ነው የምትለው። ይህን ያነሳሁት እኔንም እንዳይሰዱኝ ነው።

ርብቃ


የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ታች ጋይንት

ለርብቃ፣

የጀመርነውን ጾም በሰላም ያስፈጽመን። በያለሽበት ሰው አይጥላሽ።

በዚህ ወረቀት መሃል በጨርቅ የታሰረ አርባ ፍሬ ዘር ታገኛለሽ። በረዶ አልመታውም። ባለፈው የጻፍኩልሽ ልክ አልነበረም፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አትጠይቂኝ።

ዛላውን የመረጥኩት ከነተክሉ ነው። መጀመሪያ የቀላውን፣ ጫፉ ያልተጣመመውን፣ ጎረቤቱ ሲደርቅ ያልደረቀውን። እንዲህ ያለውን አንለቅመውም፤ ተክሉ ላይ እያለ ክር እናስርበታለን፣ ማንም እንዳይነካው። ከደረቀ በኋላ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዝ ያባርርለታል፣ እሳቱ ግን አይደርስበትም። እሳት ያገኘው ዘር አይበቅልም። በዓይን አይለይም፤ በጥርስ ግን ይለያል። ሕያው ዘር ስትነክሺው ይለመጣል፤ እሳት ያገኘው ጠሽ ብሎ ይሰበራል። የላክሁልሽን ከየዛላው አንዳንድ ነክሻለሁ፤ ሁሉም ተለመጠ።

አፈሩን በጣትሽ ለስልሺው፤ ዘሩን ከጥፍርሽ ውፍረት በላይ አትቅበሪው። ውሃ አርከፍክፊ እንጂ አታፍስሺ። ሙቀት ይወዳል። እዚህ ቆላው ላይ በዐሥር ቀን ብቅ ይላል። መጀመሪያ አንገቱን አጎንብሶ ይወጣል፣ እንደ ተቆጡት ሰው። ሁለት ቀን ቆይቶ ቀና ይላል። ይህን ሳይ ስንት ዓመቴ፤ እስካሁን ግን ደስ ይለኛል። ከዚያ ያብባል፤ አበባው ነጭ ነው፣ ምንም አይሸትም። ሽታ ከሌለው ነገር ያ ሁሉ እሳት እንዴት እንደሚወጣ ተመራምሬ አልደረስኩበትም። ባለቤቴ "እንዳንቺ ያለ ነው፤ ዝም ብሎ ያቃጥላል" ይለኝ ነበር።

ሌላም የምጽፍልሽ ነበረኝ። ወረቀቱ አለቀ።

ዓለምጸሐይ


መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆላንድ

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ ስግደቱን ቻለ? ወረቀቱ አለቀ ብለውኝ ነበር፤ ግማሹ ግን ባዶ ነው። ስስቅ ሀኒፋ ምን ያስቅሻል አለችኝ።

ዘሩ መጋቢት 5 ደረሰኝ፤ በማግሥቱ ዘራሁት። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ዛሬ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ምንም የለም። አፈሩ እንደተኛ ነው። በየቀኑ ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ሄጄ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ጥፋቱ የኔ እጅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም እላለሁ። ግን ያደግሁበት ነው። እናቴ ከርስዎ የወሰደችውን ዘር የዘራች ዓመት መደቡ አለመብቀሉን ያውቃሉ። ያደረቅሁት እኔ ነኝ ትላለች። በአደፏ፣ በወር አበባዋ ጊዜ ሳታስተውል ገብታ ውሃ ያጠጣችው መሰላት። ሴት እንዲያ ሆና የበርበሬ መደብ ከገባች ይደርቃል ይባል የለ። ለአባቴም እንዲያ ብላ ነገረችው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በርበሬ የተዘራበት አትደርስም። እስቴም ከመጣን በኋላ ራሷ ለጎረቤቶቹ "እኔን አታስጠጉኝ" አለቻቸው፤ እነሱም አላስጠጓትም። እኔን ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ከአጎቴ ችግኝ መሃል ጎትታ አውጥታ እጄን በጠበል አጥባኛለች። "የኔ እጅ ወርዶብሽ ይሆናል" ብላ።

እስቲ ይንገሩኝ፤ በአርባኛው ቀን የሚበቅል ዘር አይተው ያውቃሉ?

ርብቃ


ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆላንድ፣ የትንሣኤ ዕለት

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ያለፈውን ደብዳቤዬን ይርሱት። በቅሏል።

ብርድ ኖሯል የያዘው። ሀኒፋ መጥታ አየችውና "ይህቺ ልጅ የቆላ ዘር በረዶ ቤት አስተኝታ ታለቅሳለች" ብላ ሰድባኝ የዘራሁበትን ሳህን ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ሰቀለችው፤ እዚያ ለካ ይሞቃል። ከትናንት በስቲያ፣ በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ አንድ አንገቱን አጎንብሶ ወጣ። ዛሬ ሃያ ሦስት ናቸው። የተቆጡት ሰው ያሉኝን አየሁ።

እጄ ምንም አልሆነም። ለእናቴ ስልክ ባገኘሁ ቀን እነግራታለሁ፤ ዘሩ ከርስዎ መምጣቱንም ጭምር። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ።

ርብቃ


ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ታች ጋይንት

ለርብቃ፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። በዚህ ሳምንት ሌላ ነገር ባልጻፍኩ ደስ ባለኝ።

የመጋቢት 24ቱ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ መንገድ ተዘግቶ ቆይቶ ነው። የሱፍ ከመኪናው ሳይወርድ ሰጠኝና "እማማ፣ ደብዳቤ ባመጣሁልዎ ቁጥር ፊትዎ ጥሩ አይደለም" አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንግዲህ ልጄ፣ የላክሁልሽ ዘር ሕያው ነው። በጥርሴ አይቼዋለሁ። ካልበቀለልሽ በምን እንደሆነ አላውቅም። ግን አንድ ጊዜ የሞተውን ሕያው አስመስላ የሰጠች ሴት ዛሬ ሕያው ነው ብትል ማን ያምናታል?

እናትሽ መደቡን አላደረቀችም። እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በርበሬው የእናትሽ ነው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አንድ እፍኝ ዘር በመቀነቷ ቋጥራ የሰጠችኝ እሷ ናት። በኛ ዘመዶች ዘር የተቀበለ ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" አይልም፤ ምስጋና ዘሩን ያደክመዋል እንላለን። በሰጪው ፊትም አይነከስም፤ አለማመን ነውና። ዝም ብለው ይቀበላሉ፣ ሲደርስ የመጀመሪያውን ለቀማ ለሰጪው ይወስዳሉ። እኔም ለእናትሽ ወሰድኩላት። ከዚያም በየዓመቱ ጎን ለጎን ዘራን። ዘሩ አንድ፣ ውሃው አንድ ነበር። የእናትሽ ግን ይበልጥ ነበር። ምን እንደምታደርገው አላውቅም። የየሱፍ አባት በርበሬ ሊገዛ ከአርብ ገበያ ሲመጣ መጀመሪያ በእናትሽ ደጅ ይቆማል፤ አንዱን ዛላ ሰብሮ ያሸትታል፣ "የዛሬው ዋጋ ይህ ነው" ይላል። ወደኔ ሲደርስ ሳያሸትት ይጭናል።

በ1993 ቤታችሁ ተቃጠለ። በጣሪያው የተሰቀለው የዘር ዛላ አብሮ ነደደ። በማግሥቱ ዓመት የካቲት ላይ እናትሽ ወደኔ መጣች። የራሷን ዘር ልትለምነኝ። ሁለት ቅል ነበረኝ። በትልቁ ከጢስ የወረደው የሚዘራው ነው። በትንሹ ደግሞ ለማስፈጨት በእሳት ካሞቅሁት በርበሬ ያራገፍኩት ፍሬ ነበር። ከትንሹ ቀዳሁላት። እጄ ተሳስቶ አይደለም። አውቅ ነበር። ለአንድ ዓመት ብቻ ነጋዴው መጀመሪያ በኔ ደጅ እንዲቆም ፈልጌ ነው። ሌላ ቂም አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ ይሻለኝ ነበር።

እናትሽ እንደ ወጉ ሳታመሰግን፣ ሳትነክስ ወሰደች።

ውሃ ለመቅዳት በመደባችሁ በኩል ነው የማልፈው። በየቀኑ አየሁት። በዐሥረኛው ቀን የኔ በቀለ፣ የእናንተ ዝም አለ። በሃያኛው ቀን አልቻልኩም፤ ከትልቁ ቅል ቀድቼ ቋጥሬ እስከ በራችሁ ሄድኩ። ጊዜው አልመሸም ነበር፤ ቢዘራ ይደርስ ነበር። አባትሽ ውስጥ ሲናገር ሰማሁ። "ምን አድርገሽ ነው?" ይላል። እናትሽ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ምን እንደመለሰችለት ዛሬ ከደብዳቤሽ አነበብኩ።

አባትሽ በሰኔ ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወረደ። በመስከረም ሞቱ ተሰማ፣ በወባ። ለቅሶ ላይ ከእናትሽ ጎን ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ዓመት ነጋዴው በኔ ደጅ ቆመ። ዛላ ሰበረ፣ አሸተተ። "ይህ የአመተ ማርያም በርበሬ ነው" አለ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ "ሄደሽም ንገሪያት" አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። እሳቸው ከሞቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ አልሄድኩም። ድርቅ ሆኖም ይሆናል፣ አባትሽም ይህ ባይሆንም ይሄድ ነበር እያልኩ እንቅልፌን ተኛሁ። እናትሽ በራሷ ላይ እንደፈረደች ግን አላውቅም ነበር። ይህን ባውቅ እሄድ ነበር ልልሽ አሰብኩና ተውኩት። እርግጠኛ አይደለሁም።

የሱፍ ዓርብ ይመለሳል። ይህን እንዳልቀደው ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።

ዓለምጸሐይ


ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆላንድ

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ዘሩ በቅሏል። በትንሣኤ ዕለት ጽፌልዎ ነበር፤ እስካሁን ደርሶዎ ይሆናል። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ ብዬ ነበር የዘጋሁት። ሳይበቅል ቀርቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አላልኩም፤ ግን አስቤዋለሁ።

አባቴ በዚያ ምክንያት ሞተ አልልዎትም። ቤታችን ተቃጥሎ ነበር፣ አንዱ በሬያችን ሞቶ ነበር፤ ምናልባት ለማንኛውም ይወርድ ነበር። ይህን የምጽፈው ለርስዎ ማቅለያ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ግን አኩርፏት ሄደ። ስድስት ዓመቴ ነው፣ አስታውሳለሁ። እኔን ሳመኝ፣ እሷን ሳያያት አለፈ። እናቴ እስከ ጅረቱ ተከተለችውና ተመለሰች። ይህ በዘሩ ነው።

እናቴን በስልክ ሁለት ጊዜ አገኘኋት። ሁለቱንም ጊዜ አልነገርኳትም። ከሆላንድ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፤ የኔም አፍ አይደለም የሚናገረው። እናቴ ያለችበት መካነ ኢየሱስ ሩቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጉልበትዎ እንደሚያምዎም አውቃለሁ።

ከዚያ በፊት አይጻፉልኝ።

ችግኞቹን ልነቅላቸው ተነስቼ ነበር። ሀኒፋ "ስንት ወር ያለቀስሽበትን ነገር?" ብላ እጄን ያዘችኝ። ተውኳቸው። የእናቴ ናቸው።

ርብቃ ሚካኤል


ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ

ለርብቃ ሚካኤል፣

የማልመኝልሽ መልካም ነገር የለም፤ ግን ከኔ አፍ ምርቃት የምትፈልጊ አይመስለኝምና በልቤ ልያዘው። አትጻፊ ያልሽኝን ጠብቄያለሁ። አሁን የምጽፈው ሄጄ ነው። ከእናትሽ ፊት ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ተነሳሁ። የሱፍ እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪናው አደረሰኝ። "እማማ፣ ስንቅ የለ፣ ስጦታ የለ፤ ምን ይዘው ነው የሚሄዱት?" አለኝ። "ወሬ" አልኩት። "ወሬ ከሆነማ አይከብድም" አለኝ። ደብረ ታቦር ላይ መኪና አጥቼ ሁለት ቀን አደርኩ። በሁለቱም ቀን ወደ አገሬ የሚመለስ መኪና ነበረ፤ አየሁት።

እናትሽ በአጎትሽ በገብረ ሕይወት ደጅ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ ዓይኗ ሳይሆን ጣቷ ነው የሚለቅመው። "ጤና ይስጥልኝ" ስል ቀና አለች። "ዓለሜ ነሽ?" አለችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያልሰማችውን ድምፅ በአንድ ቃል ለየችው። ሁለት እጄን ይዛ ሳመችኝ። ውሃ አምጡላት ስትል፣ ውሃው ሳይመጣ ተናገርኩ። ከጠጣሁ የማልናገር መሰለኝ። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ምንም ሳላስቀር።

እጇ ምስሩን መልቀም አላቆመም። ስጨርስ "ከየትኛው ቅል?" አለችኝ።

"ከትንሹ።"

"እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና "ሚካኤል ምን አድርገሽ ነው ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩት" አለች። "ሌላ ምክንያት አጣሁለት። የአደፌን ቀን ቆጠርኩ፣ አልገጠመልኝም፤ ገፍቼ አስገጠምኩት። ዘሩ ነው እንዳልል አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።"

ያን ጊዜ እግሯ ላይ ወደቅሁ። "ተነሺ፣ እግሬን ልቀቂው፤ ያመኛል" አለችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። "ቆዪ" አለችኝ። ከዚያ ወንድሟን ጠርታ "ጽጌን ጥራልኝ፤ ማንም ጎረቤት ካለ ይምጣ" አለችው።

ሦስት ሴቶች መጡ። ጽጌ የምትባለው ታውቂያት ይሆናል፤ በአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ናት። ገና ከደጅ ስትገባ "አመተ፣ ደግሞ ምን አመጣሽብን? በርበሬዬ ገና ትናንት መተከሉ ነው፤ ከሩቅ አውሪኝ" አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እናትሽም ትንሽ ፈገግ አለች። የቆየ ቀልድ እንደሆነ ገባኝ፤ በየዓመቱ የሚባል። እናትሽ ወደኔ ዞራ "በይ ተናገሪ" አለችኝ።

ርብቃ፣ እኔ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። በማኅበር እንኳ ከጥግ ነው የምቀመጠው። የማላውቃቸው ሴቶች ፊት፣ አደፍ የሚለውን ቃል ጭምር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ድምፄ ሲያንስ እናትሽ "አልተሰማም" ትላለች፤ እደግመዋለሁ። ስጨርስ የሳቀ አልነበረም። ጽጌ "ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት…" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። በማግሥቱ በጠዋት መጥታ ሳትቀመጥ "አመተ፣ ችግኜ መሃል አረም ገብቷል" አለቻት። እናትሽ ክንዷን ይዛ አብራት ሄደች። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አየሁ። እናትሽ መሃል ገብታ ቁጢጥ አለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልነቀለችም። ቅጠሉን አንድ በአንድ በጣቷ ትዳስስ ነበር። እኔን አልጠሩኝም።

አሁን አራተኛ ቀኔ ነው። ምግብ ትሰጠኛለች፤ ሲነጋ እንዴት አደርሽ ትለኛለች። ይቅርታውን ግን ቆዪ እንዳለችኝ ነው። ደግሜ አልጠየቅኋትም። ጉልበቴ ሲሻለኝ ልሂድ ስላት "ምን ያስቸኩልሻል?" አለችኝ፤ ለምን እንዳለችኝ አላወቅሁም።

ዛሬ ጠዋት "ትጽፊያለሽ አሉ" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "እንግዲያው ለልጄ ጻፊልኝ። እንደምልሽ ጻፊ፤ አንቺ ምንም እንዳትጨምሪ።" ከዚህ በታች ያለው የእናትሽ ቃል ነው። ምንም አልጨመርኩም።

«ርብቃ ልጄ። መደቡን ያደረቅሁት እኔ አልነበርኩም። እጄ ደኅና ነበረች። ያንቺንም እጅ በጠበል ያጠብኩት በከንቱ ነው፤ የፈለግሽውን ትከዪ፣ አትፍሪ። ለአባትሽ ነው የማዝነው፤ ይህን ሳይሰማ ሄደ። ነግሬው ነበር እኮ፣ ያላደረግሁትን። ይህን ዓለምጸሐይ በእጇ ጽፋዋለች፤ የሷ እጅ እንደሆነ እወቂ። እናትሽ አመተ ማርያም።»

"አንብቢልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት። "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩላት። "መጀመሪያዋን ብቻ" አለችኝ፤ እኔ አልነበርኩም የሚለውን። እሱን አነበብኩላት። አሁንም ፊቷን ወደኔ አድርጋ እየጠበቀችኝ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁምና ላንብብላት።

ዓለምጸሐይ